ዶሜይኑን ገዛን፣ መንገዱስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አገር ዶሜይን፣ ማለትም በአገር መለያ ስለሚያልቅ የድረ ገጽ ስም ናቸው። ኬንያ ነጥብ ኬኢ፣ ናይጄሪያ ነጥብ ኤንጂ እንደሚሉት ማለቴ ነው። በቀጥታ ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ ድረ ገጼን የከፈትኩት በአገር ዶሜይን ነው። ደንበኞቼ ይንቀራፈፋል ይላሉ። ወደ ነጥብ ኮም ብቀይረው ይፈጥን ይሆን?

አይፈጥንም፣ ገንዘብህን አታባክን። ስሙ በምን ማለቁ ለፍጥነት ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም። ስልኩ ስሙን አንዴ ወደ አይፒ አድራሻ (ገጹን የያዘው ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩ ቁጥር) ካስፈታ መልሱ ለተወሰነ ጊዜ ካሽ በሚባል ጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በስልኩና በሰርቨርህ መካከል ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብህ ሰርቨሩ የት እንደተቀመጠና የደንበኛህ ኔትወርክ የት ላይ እንደሚያገኘው ነው። ሁለት የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው እርስ በርስ ካልተገናኙ፣ ዳታው ዙሪያ ጥምጥም አውሮፓ ድረስ ሄዶ ሊመለስ ይችላል። አንዱ ምልልስ 200 ሚሊሰከንድ ፈጀ እንበል። ገጹ ለመከፈት ብዙ ምልልስ ስለሚፈልግ ደንበኛህ ሳያየው ትቶት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የኢንተርኔት መለዋወጫ ጣቢያ ከዶሜይን ሽያጭ ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ ነገር፣ ግን በተዘዋዋሪ ነው። ጣቢያው የኢንተርኔት አቅራቢዎች ዳታ በቀጥታ የሚቀያየሩበት ቦታ ነው። ራሱ ጥቂት ስዊች (ኔትወርኮችን የሚያገናኝ መሣሪያ)፣ መደርደሪያና የማይቋረጥ መብራት ነው፤ ከባዱ ነገር ተፎካካሪዎችን አንድ ክፍል ውስጥ ማስማማቱ ነው። የናይሮቢውን እዩት። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ተከፈተ፣ የመንግሥት የነበረው ቴሌኮም ብቸኛ መብቴ ተነካ ብሎ አቤት አለ፣ ተቆጣጣሪው ዘጋው፤ ፈቃድ አግኝቶ እንደገና ሥራ የጀመረው በ2002 ነው። ኢንተርኔት ሶሳይቲ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2020 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በ2012 ከኬንያ የኢንተርኔት ትራፊክ አገር ውስጥ የሚገኘው 30 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2020 ወደ 70 በመቶ ደርሷል። ናይጄሪያም እንደዚያው።

ትራፊኩ አገር ውስጥ ሲቀር የዳታ ማዕከል መክፈት ያዋጣል። የዳታ ማዕከል ሲበዛ ሆስቲንግ (ለድረ ገጽ የሰርቨር ቦታ ማከራየት) ይረክሳል፣ ሆስቲንግ የሚሸጠው ደግሞ ዶሜይኑንም አብሮ ይሸጣል። የአገር ስም የሚያድገው እዚህ ላይ ነው። እርግጥ ዋጋ፣ ሕግና የሰው እምነትም ድርሻ አላቸው፤ ጣቢያ ስለተተከለ ብቻ ዶሜይን እንደ አሸን አይፈላም።

ጥያቄ፦ የባሕር ገመድ ሲበጠስ የአገር ውስጥ ድረ ገጽም አብሮ ይጠፋል። ሰርቨሩ እዚሁ አይደል እንዴ?

ሰርቨሩ እዚሁ ነው፤ ስሙን የሚፈታው ሰርቨር ግን ውጭ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 በኮትዲቯር ባሕር ዳርቻ አካባቢ ገመዶች ተበጥሰው ብዙ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔታቸው ተሽመድምዶ ነበር። እንዲህ ባለው ቀን ጎረቤት ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰርቨር እየሠራ አድራሻውን የሚነግር ይጠፋል። ገጹ ፎንትና ስክሪፕት ከውጭ የሚጠራ ከሆነም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሁሉንም አገር ውስጥ ማጎር ግን መፍትሔ አይደለም። ከ1997 ጀምሮ ያለው የቴክኒክ ምክር የስም ሰርቨሮች በተለያየ ቦታና ኔትወርክ ይበተኑ ይላል። ቢያንስ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ይሁን።

ጥያቄ፦ የምሠራው ዶሜይን መዝጋቢ ድርጅት ውስጥ ነው። በቅናሽ ብዙ ሸጥን፣ በዓመቱ አብዛኛው ሳይታደስ ቀረ። ምን እናድርግ?

ቅናሹን ገታ አድርጉና ያልታደሱትን ስሞች አንድ በአንድ እዩዋቸው። ስንቱ ላይ ድረ ገጽ ነበር? ስንቱ ኢሜይል ይቀበል ነበር? ሰው ላልተጠቀመበት ነገር ሁለተኛ አይከፍልም። ስሙን ከሆስቲንግና ከኢሜይል ጋር አድርጋችሁ ሽጡት። ክፍያውንም አስተካክሉ፦ ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው በሞባይል ገንዘብ መክፈል መቻል አለበት። ካርድ ያለውን ደግሞ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘህ ቢሮ ና ካላችሁት፣ ቁጭ ባለበት ነጥብ ኮም ገዝቶ ይገላገላል። እውነቱን ለመናገር ይሄ በጣም ያናድደኛል፤ ስንት ገንዘብ ፈሶበት የተሠራ መሠረተ ልማት በአንድ ፎርም ምክንያት ገበያ ያጣል።

ጥያቄ፦ አገራችን የሩት ሰርቨር ያስፈልጋታል?

ሩት ሰርቨር የእያንዳንዱ ዶሜይን መጨረሻ (እንደ ነጥብ ኬኢ ያለው) ሰርቨሮች የት እንዳሉ የሚጠቁም ነው። ቅጂውን አገር ውስጥ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ውድም አይደለም። ሩት ሰርቨሮች 13 መለያ ቢኖራቸውም ቅጂዎቻቸው በዓለም ዙሪያ ከ1,000 በላይ ናቸው። ግን የአገሩ ዶሜይን ሰርቨሮች ከደከሙ እሱ ብቻውን አያድንም።

ጥያቄ፦ የኔ ድረ ገጽ ዳታ ውጭ ዞሮ እንደሚመጣ በምን ላውቅ እችላለሁ?

ኮምፒውተርሽ ላይ ትሬስራውት የሚባለውን ትእዛዝ ከድረ ገጽሽ ስም ጋር ጻፊ። እያንዳንዱ መስመር ዳታው ያለፈበት አንድ ራውተር ነው፤ ጎኑ ላይ የፈጀው ጊዜ አለ። ለምሳሌ አምስተኛው መስመር 9 ሚሊሰከንድ ብሎ ስድስተኛው 170 ላይ ከዘለለና እስከ መጨረሻው ካልወረደ፣ ዳታሽ ባሕር ሳይሻገር አልቀረም። በተለያዩ አቅራቢዎች መስመር ደጋግመሽ ሞክሪው። ከዚያ ውጤቱን ለሆስቲንግ ሻጭሽና ለኢንተርኔት አቅራቢሽ ላኪና መለዋወጫ ጣቢያው ላይ ተገናኝታችኋል ወይ ብለሽ ጠይቂ። አልተገናኘንም ካሉሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡሽ።