የመቐለውን ቤተ መንግሥት አናጺ እንዴት ሠራው?

የጠየቅኸው ሁለት ነገር ነው፤ የአፄ ዮሐንስን የመቐለ ቤተ መንግሥት የሠራው ጃኮሞ ናሬቲ አናጺ ከነበረ የድንጋዩን ሥራ እንዴት ተወጣው? በዚያ ዘመን የተሠራ የድንጋይና የጭቃ ቤት ሲጠገንስ ከምን ይጀመራል?

ናሬቲ ጣሊያናዊ አናጺ ነበር። ቤተ መንግሥቱን እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1884 ከዊሊያም ሺምፐር ጋር ሠራው፤ የንጉሡን የእንጨት ዙፋንም የሠራው እሱ ነው። አናጺነቱን እንደ ጉድለት ማየት ግን ስህተት ነው። ትግራይ ግንበኛ ቸግሯት አያውቅም። መቐለ ያለችው በኖራ ድንጋይ አገር ነው፤ ድንጋዩ በንብርብር ስለሚወጣ ላይና ታቹ ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ነው፤ ጠራቢ የሚደክመው ለፊቱና ለማዕዘኑ ነው። የሚያስቸግረው ሰፊ አዳራሽ መክደንና ፎቅ መሸከም ነው። ይህ ደግሞ የአናጺ ሥራ ነው።

የህድሞ፣ ማለት የትግራይ ባህላዊ የድንጋይ ቤት፣ ጣሪያ አፈር ይለብሳል። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ ባላገሩ መሐል ላይ ምሰሶ ይተክላል። ምሰሶ የሌለበት አዳራሽ ከተፈለገ ጣሪያውን የሚሸከመውን አግዳሚ እንጨት ማስላት ግድ ነው። ርዝመቱ ከ4 ወደ 5 ሜትር ሲያድግ፣ ውፍረቱና በየሜትሩ የሚያርፍበት ጭነት ሳይለወጥ፣ ጉብጠቱ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ይጠጋል። 10 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በጠባብ ጎኑ ሲቆም በሰፊው ጎኑ ከተጋደመበት እጥፍ ይሸከማል፤ ጉብጠቱም ሩብ ብቻ ይሆናል። ጥሩ አናጺ ይህን በእጁ ያውቀዋል። የጥድና የወይራ እንጨት ተመራጭ የሆነውም ምስጥ ቶሎ ስለማይደፍራቸው ነው።

ወደ ግድግዳው ስንመጣ፣ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ሁለት ፊት አለው፤ መሐሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። ሁለቱን ፊት የሚያስተሳስረው ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ረጅም ድንጋይ ነው፤ ቢያንስ በየአንድ ሜትሩ አንድ ያስፈልጋል። ይህ ከተዘለለ ሁለቱ ፊቶች ይለያያሉ፣ ግድግዳውም ሆዱን ያወጣል። በችኮላ ከፍ ካለም ያው ነው፤ የታችኛው ጭቃ ሳይጠነክር የላይኛው ክብደት ይጫነዋል። ቱንቢ ጥሎ በየረድፉ ማየት እንጂ በዓይን መገመት አይበቃም።

እንደ መቐለው አናታቸው ጥርስ ጥርስ የሆነ ማማዎች ያማሩ ናቸው፤ ግን ክዳን የሌለው የግድግዳ አናት ለዝናብ ክፍት በር ነው። ውሃው ከላይ ገብቶ የመሐሉን ጭቃ ያጥባል፣ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን የአግዳሚ ጫፍም ያበሰብሳል። ከውጭ ምንም ሳይታይ ጣሪያ የሚወርደው በዚህ ነው።

ስለዚህ ጥገናው ከላይ ወደ ታች ይሂድ። መጀመሪያ ክዳኑና የግድግዳው አናት፣ ቀጥሎ አሸንዳና የቤቱ ዙሪያ ፍሳሽ። ከዚያ በየአግዳሚው ጫፍ ላይ ቢላ ወጋ አድርግበት፤ እንደ ቡሽ ከገባ በስብሷል፣ ከሥር ድጋፍ ሳታቆም አትንካው። ልስን የመጨረሻው ሥራ ነው።

በሲሚንቶ አትለስነው፣ እባክህ። ሲሚንቶ ግትር ነው፤ ጭቃው ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል። ልስኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ግን ተንኖ መውጫ ያጣል። ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ልስኑ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። በቂ ጊዜ በውሃ የበሰለ ኖራ ውሰድ፤ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ። ግድግዳውን አርጥበህ በስስ በስሱ፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ሳታሳልፍ ለስን፤ በቀጥታ ፀሐይ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው። ሆዱን ያወጣውን ክፍል ግን ልስን አያድነውም፤ ከላዩ ያለውን ጭነት በድጋፍ አንስተህ፣ ድንጋዮቹን በየተራቸው ቁጥር ጽፈህባቸው አፍርሰውና ማሰሪያ ድንጋይ እያስገባህ መልሰህ ገንባው።