ካርዱ የሚናገረው ስላለፈው ዓመት ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አጎቴ ከቶሮንቶ ዳር ዳራቸው ሰማያዊ የሆነ አሮጌ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ካርዶች (ፊታቸው ላይ ፎቶ፣ ጀርባቸው ላይ ውጤት ያለባቸው) ልኮልኛል። የ1979-80 ናቸው ብሎኛል። የዌይን ግሬትዝኪ ካርድ ጀርባ ግን የሚያበቃው በ1978-79 ነው፤ ጎሉም 46 ይላል። ኢንተርኔት ላይ ሳይ በ1979-80 ያገባው 51 ነው። ካርዱ የውሸት ነው ወይስ አጎቴ ዓመቱን ተሳስቷል? (ከደሴ፣ ሸዋበር)

መልስ፦ አጎትዎ አልተሳሳቱም፤ ቁጥሩም ካርዱን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ካርድ የሚዘጋጀው ውድድሩ ከመጠናቀቁ በፊት ስለሆነ ጀርባው ላይ ሊሰፍር የሚችለው ያለፈው ዓመት ውጤት ነው። የካርድዎን ዓመት ለማወቅ ከመጨረሻው መስመር ላይ አንድ ዓመት ይጨምሩ። ብዙ ሰው ካርዱን በአንድ ዓመት አስረጅቶ የሚሸጠውና የሚገዛው ይህን ሳያውቅ ነው።

46ቱ ጎልና 64ቱ አሲስት (ለጎል የበቃ ማቀበል) የተመዘገቡት በሰሜን አሜሪካ ዋናው የሆኪ ሊግ በኤንኤችኤል ሳይሆን ተቀናቃኙ ሊግ በነበረው ደብሊውኤችኤ ነው። ግሬትዝኪ በዚያ ዓመት 8 ጨዋታ ለኢንዲያናፖሊስ፣ 72 ደግሞ ለኤድመንተን ተጫውቷል። ደብሊውኤችኤ በ1979 ሲፈርስ ኤድመንተን፣ ዊኒፔግ፣ ኩቤክና ሃርትፎርድ ወደ ኤንኤችኤል ገቡ፤ የቡድኖቹም ቁጥር 21 ደረሰ።

ፈረንጆቹ በሁለት ዓመት የሚጠሩት ይህ ውድድር በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት 16 ቀን 1972 ዓ.ም. ስለተካሄደ በአንድ ዓመት ውስጥ ያልቃል። ግሬትዝኪ በ51 ጎልና በ86 አሲስት በድምሩ 137 ነጥብ አመጣ። የሎስ አንጀለሱ ማርሴል ዲዮንም 137 ነበረው፤ ነገር ግን 53 ጎል ስላገባ የነጥብ መሪነቱን ሽልማት የወሰደው እሱ ነው። ግሬትዝኪ በኮከብ ተጫዋችነት ተመረጠ። የምርጥ አዲስ ተጫዋችነቱን ግን፣ በደብሊውኤችኤ ስለተጫወተ እንደ አዲስ አልቆጠሩትምና፣ የቦስተኑ ሬይ ቡርክ አገኘው። ዋንጫውን ኒውዮርክ አይላንደርስ ፊላደልፊያን በጭማሪ ሰዓት አሸንፎ አነሳ፤ የመጀመሪያው ነበር።

ከስብስቡ ውስጥ የአንጋፋዎቹ ተጫዋቾች የጎርዲ ሃውና የቦቢ ሃል ካርዶች ካሉ ለብቻቸው ያውጧቸው። ሃው ውድድሩን በ51 ዓመቱ ጀምሮ በ52 ጨረሰ፤ 80ውንም ጨዋታ ተሰልፎ 15 ጎል አገባ። ሃል በካርዱ ላይ የዊኒፔግን ማሊያ ለብሷል፤ ዓመቱን የጨረሰው ግን በየካቲት ተዛውሮ በሃርትፎርድ፣ ከሃው ጎን ነው። ካርዱ ይህን ዝውውር ሊያውቅ አይችልም። እነዚህን ሁለቱን ከግሬትዝኪው እኩል ብንወዳቸው አይፈረድብንም።

ጥያቄ፦ የምኖረው በቆርቆሮ ቤት ነው። ካርዶቼን በላስቲክ አስሬ በጫማ ካርቶን አስቀምጫለሁ። አንዳንዶቹ ጎብጠዋል። የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ላሚኔት ላድርግልህ ይለኛል። ይሻላል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ላሚኔት በፍጹም አያስደርጉ። ማሽኑ ሙጫውን በሙቀት አቅልጦ ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ካርዱን ሳይቀዱ ማላቀቅ አይቻልም፤ ለሰብሳቢም ዋጋው ያበቃል። ላስቲኩንም ዛሬውኑ ይፍቱት። ጠርዙን ያሰረጉዳል፤ ሰማያዊ ዳር ባላቸው ካርዶች ላይ ደግሞ ትንሿ ቁስል እንኳ ነጭ ሆና ከሩቅ ትታያለች።

እያንዳንዱን ካርድ መጀመሪያ በስስ ፕላስቲክ ኪስ፣ ከዚያ ከነኪሱ በጠንካራው መያዣ ውስጥ ያስገቡ። ያለ ስሱ ኪስ በቀጥታ ጠንካራው ውስጥ ከገባ ፊቱ ይጫጫራል። ባለ ዘጠኝ ኪስ አልበም ከመረጡ ፖሊፕሮፕሊን መሆኑን ይጠይቁ። ለስላሳና አዲስ የመኪና ወንበር የሚሸት ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ ነው፤ ውሎ አድሮ ይወዛና ቀለሙን ይይዛል።

ሳጥኑን ከጣሪያው ሥር፣ ከውጭ ግድግዳና ከወለል አርቀው በቁም ሳጥን መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ያኑሩት። የሚፈለገው የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው፤ ከመጠኑ ይልቅ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። የኮምቦልቻ ቀን ቆርቆሮውን ያግለዋል፤ ሌሊቱ ያቀዘቅዘዋል። ደሴ ያላችሁ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ሳጥኑን ደጋግማችሁ አትክፈቱ። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጣውን የሲሊካ ጄል ከረጢት ሳይቀዱ መጨመር ይረዳል፤ እርጥበት ከጠገበ ግን ስለማይሠራ ይቀየር።

ካርድ የሚጎብጠው አንዱ ፊቱ ከሌላው የበለጠ እርጥበት ሲወስድ ነው። በስስ ኪሱ እንዳለ በሁለት ለጥ ያሉ ጣውላዎች መካከል አድርገው 2 ወይም 3 ኪሎ መጽሐፍ ይጫኑበትና አንድ ሁለት ሳምንት ይተዉት። ካውያም ፀሐይም አያስነኩት። የተጣበቁ ካርዶች ካሉ አይላጧቸው፤ ፊታቸው ተገሽልጦ ይቀራል። ፊቱ ላይ ያለ የማሸጊያ ሰም በንጹሕ ናይለን ስቶኪንግ ቀስ ተብሎ ቢታሽ ይለቃል። ከካርዱ ጋር ታሽጎ ይመጣ ከነበረው ማስቲካ ጀርባው ላይ የቀረው እድፍ ግን ወረቀቱ ውስጥ ስለገባ ይተውት።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው የግሬትዝኪን የመጀመሪያ ካርድ ሊሸጥልኝ ነው። ምን ልፈትሽ? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ካርዱን ሁለት ድርጅቶች አትመውታል፤ መጀመሪያ የየትኛው እንደሆነ ይለዩ። ሁለቱም ቁጥሩን 18 ብለውታል፤ የካናዳው ኦ-ፒ-ቺ ሙሉ ስብስቡ 396 ካርድ ያለው ሲሆን ጀርባው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ የአሜሪካው ቶፕስ 264 ነው። ልኩ 63.5 በ88.9 ሚሊሜትር ነው። የኦ-ፒ-ቺ ጠርዝ በተፈጥሮው ጎርበጥ ያለ ነው፤ ፋብሪካው በሽቦ ይቆርጥ ስለነበር። አራቱም ጠርዝ እንደ ምላጭ ከለሰለሰና ልኩ ካነሰ ተከርክሟል ብለው ይጠርጥሩ።

ከዚያ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ጥቁሮቹን ፊደላት ይመልከቱ። በእውነተኛው ላይ ፊደሉ ሙሉ ጥቁር ነው፤ ከካርድ ላይ ተቀድቶ በታተመው ላይ በባለ ቀለም ነጠብጣብ የተሠራ ሆኖ ይታያል። የብር መፈተሻው ሰማያዊ መብራት ለዚህ አይበቃም፤ የሚጠቅመው በዋናነት እ.ኤ.አ. ከ1950 በፊት ለታተሙ ካርዶች ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀት ማንጫ ኬሚካል የተለመደ ሆኗል።

ሻጩ በ2021 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠውን ከጠቀሰልዎ፣ ያ በጥራት ምዘና ከ10 ደረጃ 10 ያገኘ የኦ-ፒ-ቺ ካርድ እንደነበር ይንገሩት፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የፊቱን፣ የጀርባውንና የአራቱን ጠርዞች ፎቶ ያለ ፕላስቲክ፣ ብርሃን ከጎን እየበራበት እንዲልክልዎ ይጠይቁ።