ስታቲስቲክስን ፈርቶ ዲፓርትመንት ስለ መቀየር

ውድ ጠያቂዬ፣

ከሒሳብ ለመራቅ ብለሽ ሶሲዮሎጂን መምረጥሽን፣ በሁለተኛ ዓመትሽ ግን የስታቲስቲክስ ኮርስ ከፊትሽ ተደቅኖ እንቅልፍ እንደነሳሽና ዲፓርትመንት ለመቀየር እያሰብሽ መሆኑን ጽፈሽልኛል። በሚድ ፈተናው ዕለት ጥያቄውን ሳታነቢ እጅሽ በላብ መራሱን ሳነብ በጣም አዘንኩልሽ።

ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ የስታቲስቲክስ ጭንቀት ተብሎ ራሱን ችሎ የሚጠና ጉዳይ ነው። ፈተና ላይ ጎልቶ ይታይ እንጂ፣ በእኔ እምነት የሚጀምረው ቀመሩ የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ እንደመጣ ሳይገባን መሸምደድ የጀመርን ዕለት ነው።

እስቲ ወረቀት አውጪ። ውኃ ቀድቶ ለመመለስ በአንድ ቀበሌ አምስት ቤቶች 10፣ 20፣ 30፣ 40 እና 50 ደቂቃ፣ በሌላው ቀበሌ ደግሞ 28፣ 29፣ 30፣ 31 እና 32 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል እንበል። የሁለቱም አማካይ 30 ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያው ቀበሌ አንዷ እናት በ10 ደቂቃ ስትመለስ ሌላዋ 50 ደቂቃ እንደምትለፋ አማካዩ ብቻውን አይነግርሽም። እያንዳንዱ ቁጥር ከ30 ያለውን ልዩነት በራሱ አባዝተሽ፣ ሁሉንም ደምረሽ፣ ለ4 አካፍለሽ ስኩዌር ሩቱን ብታወጪ ለመጀመሪያው ቀበሌ 15.8፣ ለሁለተኛው 1.58 ገደማ ታገኛለሽ። ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው ይኸው ነው። ለ5 ሳይሆን ለ4 የተካፈለበት ምክንያት ካልገባሽ ይህንኑ ጥያቄ ይዘሽ ወደ መምህርሽ ቢሮ ሂጂ፤ «ስታቲስቲክስ አልገባኝም» ብሎ በጥቅሉ ከመናገር ይልቅ እንዲህ ያለው ጠባብ ጥያቄ ቶሎ መልስ ያገኛል። አምስት ቤት ብቻ ጠይቆ ስለ ቀበሌው መናገር ይቻላል ወይ ብለሽ ከጠረጠርሽ ደግሞ ጥርጣሬሽ ተገቢ ነው፤ በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት «ስቲውደንት» በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመው፣ ዛሬ ቲ ቴስት የምንለው ስሌት መነሻ የሆነው ጥናት፣ ከጥቂት ናሙና ምን ያህል መደምደም እንደሚቻል የሚመረምር ነበር።

ዲፓርትመንት መቀየሩን አልመክርሽም። ሳይኮሎጂም፣ ኢኮኖሚክስም፣ ማኔጅመንትም ብትገቢ ይኸው ኮርስ ይጠብቅሻል። ከምረቃ በኋላም እንደ አንቺ ላሉ ተመራቂዎች ከሚወጡት የሥራ መደቦች መካከል የፕሮጀክት ክትትልና ግምገማ፣ እንዲሁም የመረጃ አሰባሰብ ሥራ ይገኙበታል፤ በቃለ መጠይቁ የሚፈለገውም ቀመር በቃል መውጣት ሳይሆን አንድን ሠንጠረዥ አይቶ ምን እንደሚል ማስረዳት ነው።

በዚህ ሳምንት ከአምስት የዶርም ጓደኞችሽ የእንቅልፍ ሰዓታቸውን ጠይቀሽ ስሌቱን በእጅሽ ሥሪው። የአንቺ እንቅልፍ ማጣት ከቀጠለ ግን ፋይናሉን ሳትጠብቂ ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም የምክር አገልግሎት ቢሮ ሂጂ።