መልስ፦ 20 ኒውተኑ ለምን በሁሉም ብሎኮች መሃል እኩል አይሆንም?

ሰላም እህቴ፣ 2፣ 3 እና 5 ኪሎ ብሎኮች ፍሪክሽን (ሰበቃ) በሌለው ወለል ላይ ተነካክተው ተደርድረው በ2 ኪሎው በኩል በ20 ኒውተን ሲገፉ በመሃላቸው ያለው ፎርስ ለምን 20 አይሆንም ነው ያልሽው አይደል? እዚህ ጅማ ተማሪ ሳስጠናም በጣም የሚያደናግራቸው ይሄው ነው። መጀመሪያ ሦስቱንም እንደ አንድ ዕቃ ቁጠሪያቸው፣ ጠቅላላ 10 ኪሎ፣ ስለዚህ አክስለሬሽኑ (ፍጥነታቸው በየሰከንዱ የሚጨምርበት መጠን) 20 ሲካፈል ለ10፣ 2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው፣ አብረው ስለሚሄዱ ደግሞ የሁሉም አንድ ነው።

አሁን የቡና ጆንያ በተርታ አድርጎ የሚገፋ ልጅ አስቢ፣ የፊተኛውን ጆንያ የሚገፋው የልጁ እጅ ሳይሆን ከኋላው የተጠጋው ጆንያ ነው፣ እጁ አይነካውማ! ስለዚህ ፊት ያለውን 5 ኪሎ ለብቻው አውጥተሽ ፍሪ ቦዲ ዳያግራም (እሱ ላይ የሚያርፉትን ፎርሶች ብቻ የሚያሳይ ሥዕል) ሳዪለት፣ በአግድም የሚገፋው 3 ኪሎው ብቻ ነው፣ 5 ሲባዛ በ2፣ 10 ኒውተን። በ2 ኪሎውና በ3 ኪሎው መሃል ያለው ግን ከፊቱ 8 ኪሎ ስላለ 16 ኒውተን ይሆናል። 2 ኪሎው ላይ አረጋግጪው፦ 20 ሲቀነስ 16፣ 4 ኒውተን፣ ልክ 2 ሲባዛ በ2።

በ5 ኪሎው በኩል ብትገፊ አክስለሬሽኑ ያው ነው፣ የመሃሎቹ ፎርሶች ግን 10 እና 4 ይሆናሉ፣ ፈተና ላይ ይቺን መገልበጥ ይወዳሉና ከየት በኩል እንደተገፋ ሳታዪ አትጀምሪ።