2፣ 3 እና 2 እንዴት 5 ሆነ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፕሮሎግ የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። በየቀኑ ስንት ሰዓት እንዳነበብኩ የምመዘግብበት ትንሽ የእውቀት ቋት ሠርቻለሁ።

ንባብ(ሰኞ, 2).
ንባብ(ማክሰኞ, 3).
ንባብ(ረቡዕ, 2).

መጀመሪያ «_ድምር ኢዝ _ድምር + _ሰዓት» ብዬ ሞከርኩ። ስህተት ብሎ ቆመ። ከዚያ መልሶችን በሚሰበስበው በሴትኦፍ፣ «ሴትኦፍ(_ሰዓት, _ቀን^ንባብ(_ቀን, _ሰዓት), _ዝርዝር)» ብዬ ዝርዝር አውጥቼ ስደምር 5 አለኝ። በጣቴ ስቆጥር ግን 7 ነው። ከ_ቀን ቀጥሎ ያለውን የ^ ምልክት ሳነሳው ደግሞ ቀኖቹን አንድ በአንድ ይሰጠኛል፣ ያውም ከማክሰኞ ጀምሮ። ምን አጥፍቼ ነው?

ግራ የገባት ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ጣትሽን እመኚ፤ 7 ነው።

ከመጀመሪያው ሙከራሽ ልነሳ። በፕሮሎግ ተለዋዋጭ የምንለው ነገር አንዴ ዋጋ ከያዘ አይለወጥም። የሚለቀው ፕሮሎግ ሌላ መልስ ፍለጋ ወደ ኋላ ሲመለስ ብቻ ነው፤ ያኔ የደመርሽውም አብሮ ይጠፋል። አንቺ ጋ ደግሞ _ድምር ገና ምንም ዋጋ አልነበረውም። ስለዚህ መልሶቹን መጀመሪያ በዝርዝር መሰብሰብ፣ ከዚያ መደመር ነው። ይህን በሁለተኛው ሙከራሽ ራስሽ ደርሰሽበታል።

ችግሩ መሰብሰቢያው ላይ ነው። ሴትኦፍ የሰበሰበውን በቅደም ተከተል ይደረድራል፣ የተደጋገመውንም ያስወጣል። የሰኞ 2 እና የረቡዕ 2 ለእሱ አንድ ናቸው። የቀረው [2, 3] ነው፤ 5 ከዚያ መጣ።

ይህ ስህተት እኔንም አቃጥሎኛል። አንድ ጊዜ የሥራ ሰዓት መዝገብ በሴትኦፍ ደመርኩ። ሁለት ሰዎች እኩል ሰዓት ሠርተው ስለነበር የአንደኛው ተዋጠ። ሰውየው መጥቶ «የእኔስ ሰዓት?» እስኪለኝ ድረስ አላወቅኩም። የሰው ድካም ነው እኮ የጠፋው። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ልደምር ስል በሴትኦፍ ቁጥሩን ብቻውን አልሰበስብም።

ለአንቺ የሚሆነው የተደጋገመውን ሳያስወጣ ሁሉንም የሚሰበስበው ፋይንድኦልና ዝርዝሩን የሚደምረው ሰምሊስት ናቸው፦

ፋይንድኦል(_ሰዓት, ንባብ(_ቀን, _ሰዓት), _ዝርዝር), ሰምሊስት(_ዝርዝር, _ድምር).

ዝርዝሩ [2, 3, 2]፣ ድምሩ 7 ይወጣል። የትእዛዞቹን ስም እዚህ በፊደላችን ጻፍኩት እንጂ ማሽኑ ላይ በላቲን ነው የምትጽፊው። ተለዋዋጮቹን በስር ሰረዝ መጀመርሽ በጣም ልክ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ስዊ ፕሮሎግ (ፕሮሎግን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ያለ ሰረዙ ተራ ስም አድርጎ ያነበዋል።

^ ምልክቱ ሲነሳ ያየሽው ስህተት አይደለም። ሴትኦፍም፣ የተደጋገመውን የማያስወጣው ወንድሙ ባግኦፍም ከምትሰበስቢው ነገር ውጭ ዋጋ ያልያዘ ተለዋዋጭ ሲያገኙ መልሱን በእሱ ይከፋፍሉታል። «_ቀን^» ማለት «ቀኑ የትኛውም ይሁን፣ አትከፋፍልበት» ማለት ነው። ማክሰኞ የቀደመው ክፍሎቹ በፊደል ተራ ስለሚደረደሩ ነው፤ መ ከረ፣ ረ ደግሞ ከሰ ይቀድማል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ሳታስቢው ንባብ(ሰኞ, 2) ብለሽ ሁለቴ ብትመዘግቢ ፋይንድኦል ሁለቱንም ይቆጥርና 9 ይሆናል። ያኔ ሴትኦፍን ጥሪው፤ ቁጥሩን ብቻውን ሳይሆን _ቀን-_ሰዓት አድርገሽ ጥንዱን አሰብስቢው። ጥንዱ ሲደገም ይወጣል፣ የረቡዕ 2 ግን አይነካም። ከዚያ ከየጥንዱ ሰዓቱን ለይተሽ ደምሪ። ሰኞ ጠዋትም ማታም ሁለት ሁለት ሰዓት የምታነቢ ከሆነ ግን ይህም አያዋጣም፤ ንባብ በሚለው መስመር ላይ ጠዋት ወይም ማታ የሚል ሦስተኛ ቦታ ጨምሪበት።

የምትፈልጊው መልስ መዝገቡ ውስጥ ሳይገኝ ሲቀርም ይለያያሉ። ፋይንድኦል ባዶ ዝርዝር ይሰጥሻል፣ ድምሩም 0 ይሆናል። ባግኦፍና ሴትኦፍ ግን «የለም» ብለው ይከሽፋሉ። ለድምር እኔ የምመርጠው 0ን ነው።

አማካይ ልታወጪ ካሰብሽ ደግሞ ያላነበብሽበትን ቀን ነገር ከአሁኑ ወስኚ። ንባብ(ሐሙስ, 0) ብለሽ ብትጽፊ ድምሩ ያው 7 ነው። አማካዩ ግን ከ2.33 ወደ 1.75 ይወርዳል።