ዘንባባው ቤቱን ለምን አላቀዘቀዘውም?

ጥያቄ፦ «ቤታችን ባሕር ዳር ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ። ግቢው በሙሉ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ከግድግዳው እስከ ምዕራቡ አጥር 8 ሜትር አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ላይኛው ክፍል ከሰዓት በኋላ አያስቀምጥም። ሁለት ኤሲ እስከ ምሽት ይሠራል፤ የመብራት ሂሳቡ ከበደን። ከሦስት ዓመት በፊት ስድስት ዘንባባ ተክለን ጸድቆልናል፤ ለሙቀቱ ግን አልጠቀመም። አሁን ባሕር ዛፍ በአጥሩ ዙሪያ፣ ዋርካ ደግሞ በበሩ ልንተክል አስበናል። አፈሩ ዋልካ ነው። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ ባሕር ዛፉንም ዋርካውንም ይተዉት። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ባሕር ዛፍ በአንድ በኩል ውሃውን መጥጦ ሲያደርቀው መሠረቱ እኩል ባልሆነ መጠን ይሰምጥና ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ አጥሩም ያዘነብላል። ዋርካ ደግሞ የአደባባይና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍ ነው፤ ሥሩም ቅርንጫፉም 8 ሜትር ውስጥ አይገባም።

ዘንባባው ያልጠቀመው ተከላው ተበላሽቶ አይደለም። ቅጠሉን የሚሸከመው አናቱ ላይ ብቻ ስለሆነ ጥላው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው በአብዛኛው የግንዱ ቀጭን መስመር ነው። የባሕር ዳር ጎዳናዎች በዘንባባ አምረዋል፤ ግድግዳን ከፀሐይ ለመከለል ግን ከሥር እስከ ላይ ቅጠል የሞላው ዛፍ ያስፈልጋል።

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ ሚያዝያ 12 አካባቢ የቀትር ፀሐይ በአናት ትቆማለች። ያን ሰዓት የሚግለው ጣሪያው ነው፤ ለእሱ መፍትሔው ዛፍ ሳይሆን በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር ገብቶ የሚወጣበት ቀዳዳ መክፈት ነው። የእናንተ ቤት ዋና ችግር ግን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ ከምዕራብ የምትመጣው ፀሐይ ናት። ብሎኬቱ ሙቀቱን ጠጥቶ ማታ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል፤ ኤሲው እስከ ምሽት የማያርፈው ለዚህ ነው። የውስጥ መጋረጃ ሙቀቱን የሚይዘው መስታወቱን ካለፈ በኋላ ነው፤ ቅጠል ግን ገና ከውጭ ያስቀረዋል፣ በሚተነው ውሃም አየሩን ያቀዘቅዛል።

የዛፉን ቦታ በግምት አይወስኑ። በሚያዝያ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ 45 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ትገኛለች። የላይኛው መስኮት አናት ከመሬት 6 ሜትር ቢሆንና ዛፉ ከግድግዳው 6 ሜትር ቢርቅ፣ በዚያ ሰዓት መስኮቱን ለመሸፈን 12 ሜትር ቁመት ያስፈልጋል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ10 ሜትር ያነሰ ይበቃል። ስለዚህ ረጅም ቀርከሃ ያሰቡበት ቦታ ላይ ያቁሙና ከ9 እስከ 11 ሰዓት ጥላው ግድግዳው ላይ የት እንደሚያርፍ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ጥላው ወደ መስኮቱ ደቡብ ካመለጠ ቀርከሃውን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሰሜን ካመለጠ ወደ ደቡብ ያዛውሩት። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ የዓመታት ጸጸት ያድናል።

በዛፍ ምርጫ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አበባ እያየ ነው። ጃካራንዳና የድሬዳዋ ዛፍ ያምራሉ፤ ቅጠላቸውን የሚያራግፉት ግን በበጋ፣ ጥላው በሚፈለግበት ሰሞን ነው። ዋንዛና ብሳናም በደረቁ ወራት ይሳሳሉ። ለላይኛው ፎቅ ሁለት ግራቪሊያ፣ በ4 ሜትር ልዩነት፣ ከግድግዳው 6 ሜትር ርቆ ይተከል፤ ቶሎ ይረዝማል። ቅርንጫፉ በነፋስ ስለሚሰበር ወደ ጣሪያው ያዘነበለውን በየዓመቱ ይቁረጡ፤ ቅጠሉ አሸንዳ ስለሚደፍን ከክረምት በፊት ይጠረግ። ለምድር ቤቱ አንድ ማንጎ ይጨምሩ፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው። የተዳቀለው ለፍሬ ይበጃል፣ ለጥላ ግን ከዘር የበቀለው ይረዝማል።

ሲሚንቶውን በሙሉ አይስበሩት። ከግድግዳው ጀምሮ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ የሚያዘነብል ሲሚንቶ ይቆይ፤ ዋልካ ላይ የዝናብ ውሃ ከመሠረቱ ሥር መግባት የለበትም። በአጥሩ በኩል ግን 2 ሜትር ተኩል ስፋት ያለውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንሱና ሣር ያልብሱት። የተለሰነ መሬትም ሙቀት እየጠጣ ማታ ይተፋልና።

ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፣ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር፤ የላይኛው አፈር ለብቻው ይቀመጥና ከሁለት ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት ጋር ይደባለቅ። ተከላው መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ይሁን። ዋልካ ክረምት ውሃ ስለሚያቁር ችግኙ ከመሬቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ይቀመጥ፤ ጎድጓዳ ላይ የተተከለ ግራቪሊያ ሥሩ በስብሶ ይሞታል። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቀዳችሁ አውጡ፣ ከታች የተጠማዘዘውን ሥር ቁረጡ፤ ካልተቆረጠ ዛፉ ካደገ በኋላ ሥሩ ራሱን ያንቃል። ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አይቀበር። ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ እስከ ግንቦት ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀስ ብሎ ይንጠብጠብለት፤ ሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር ይልበስ፣ ግንዱን ግን አይንካ።

ዛፉ እስኪደርስ ድረስ መስኮቶቹ ፊት ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቱቦላሬ አቁመው ሽቦ ይወጥሩና ፓሽን ፍሩት ያሳድጉበት። ክፍተቱ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ እንዲወጣ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሐረግ እርጥበት ያመጣል።

ሰሜኑን ክፍት ይተዉት። ቀን ከጣና ወደ ከተማዋ የሚነፍሰው አየር የሚመጣው በዚያ ነው፤ በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ከዘጉት ኤሲ የማያስፈልግባቸውን ሰዓታት ያጣሉ። እዚያ ዛፍ ካለ እስከ 2 ሜትር ተኩል ያለው ቅርንጫፉ ይነሣ። የኤሲው የውጭ ክፍልም ጥላ ይፈልጋል፤ ፊቱ ግን ቢያንስ 1 ሜትር ባዶ ይሁን። ቅጠል ከከበበው የተፋውን ሞቃት አየር መልሶ ስለሚስብ የበለጠ መብራት ይበላል።