ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አብዝቼ የበላሁበትን ቀን በምግብ ማስታወሻዬ ልጻፈው ወይስ ልዝለለው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራዬ 8.6 ከመቶ በመውጣቱ ሐኪሜ የምበላውን ሁሉ በደብተር እንድመዘግብ አዘዘችኝ። በዐቢይ ጾም ሳላጓድል ጻፍኩ። ከፋሲካ ወዲህ ግን በበዓል፣ በማኅበር፣ በሰርግና በልቅሶ ቤት ብዙ የበላሁባቸውን ቀናት እየዘለልኩ፣ የሌሎቹንም እየቀነስኩ መጻፍ ጀመርኩ። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ላብ ላብ እያለኝ ተነሥቼ፣ ወጥ ቤት ቆሜ ዳቦም ማርም ያገኘሁትን እበላለሁ፤ ይህንንማ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ቀጠሮዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ደብተሩን እንዲሁ ይዤ ልሂድ ወይስ ባዶዎቹን ገጾች በግምት ልሙላቸው? ደግሞስ እንዲህ ያለውን ቀን መጻፍ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ደብተሩን ባለበት ሁኔታ ይዘው ይሂዱ፤ ባዶዎቹንም ገጾች በግምት አይሙሏቸው። ምክንያቱን ከማስረዳቴ በፊት ግን እርስዎ በመጨረሻ ያነሡት፣ እኔን ግን ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ ነገር ስላለ ከእርሱ ልጀምር። ሌሊት ላብ ላብ እያለዎት እንደሚነሡ ጽፈዋል። እርስዎ ይህን የቆጠሩት እንደ ሆዳምነት ነው፤ እኔ ግን ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው እንዲህ ሲለኝ አስቀድሜ የምጠረጥረው የስኳር መውረድን ነው። ይህ መድኃኒት ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋፋ ሲሆን፣ ሰውየው በላም አልበላም ሥራውን ይሠራል፤ በሰውነት ውስጥም ረጅም ሰዓት ይቆያል። ማታ ክኒኑን ውጠው ትንሽ ብቻ ቀማምሰው ከተኙ፣ ሌሊት 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ ስኳርዎ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና ያገኙትን ሁሉ የሚያስበላ ረኃብ የሰውነት የድረሱልኝ ጥሪ ነው። ስለዚህ እንዲህ ሲሰማዎት መለኪያው በአጠገብዎ ካለ አስቀድመው ስኳርዎን ይለኩ። ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለዎት፣ አራት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለኩ፤ ካልተሻለ ይድገሙት፤ ሲሻልዎት ትንሽ ምግብ ይጨምሩበት። ከቤተሰቡም ቢያንስ አንድ ሰው ነገሩን ይወቅ፤ ምናልባት ራስዎን ቢስቱ በአፍ ምንም ሳይሰጥዎት በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ሊወስድዎት ይገባል። ለሐኪምዎም ሦስት ሳምንት ሳይጠብቁ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ያሳውቋት፤ የክኒኑ መጠን ወይም ሰዓቱ መለወጥ ይኖርበት ይሆናል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ያፈሩበት ሌሊት፣ በጥንቃቄ ከተጻፈው የ55 ቀን የጾም መዝገብ ይልቅ ለሕክምናዎ የሚፈይድ መረጃ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ከደብተሩ የጎደለው ግን እርሱ ነው።

ሐኪም የምግብ ማስታወሻን የምታነበው ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር እያስተያየች ነው። 8.6 ከመቶ ማለት ባለፉት ሁለትና ሦስት ወራት በደምዎ ውስጥ የነበረው ስኳር በአማካይ 200 ሚሊግራም ገደማ ነበር ማለት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖርና በዕድሜው ሁሉ የተጣበቀበትን ስኳር ይዞ ስለሚዞር፣ ምርመራው ፋሲካውንም ልቅሶውንም ቆጥሮ ያቀርባል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ውጤቱ እንደገና ከፍ ብሎ፣ ደብተሩ ግን ሽሮና ጎመን ብቻ ቢያሳይ፣ ሐኪምዎ ወይ መዝገቡ ጎዶሎ ነው ወይ መድኃኒቱ አልበቃም ብላ ማሰቧ አይቀርም። እርስዎን ካመነች መድኃኒት ትጨምራለች። ያ ጭማሪ የታዘዘው እርሷ ላላየችው ድግስ ይሆናል ማለት ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ሲጾሙ ግን ድግሱ አይኖርም፣ የተጨመረው ክኒን ግን በባዶ ሆድዎ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። በነገራችን ላይ፣ ግሊቤንክላማይድ እየወሰዱ መጾም ራሱን የቻለ ከሐኪም ጋር ሊመከርበት የሚገባ ጉዳይ ነውና ይህንንም አብረው ያንሡላት።

ቀጠሮ ሲደርስ በአንድ ሌሊት የተሞላ ደብተር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በልዩ ልዩ ቀን የተጻፈ ደብተር እስክሪብቶው ይለዋወጣል፣ ጽሕፈቱ አንዳንዴ ይቸኩላል፣ ዳር ዳሩ ላይም የወጥ ጠብታ አይጠፋውም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ ቀለምና በአንድ እርጋታ የተጻፈውን ስናይ ወዲያው እንጠረጥራለን። ጥፋቱ ግን የሕመምተኛው ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ሰው በግልጽ የጻፈውን አሳይቶ በሰው ፊት ከተቆጣነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምንወደውን ጽፎ ቢመጣ ያስተማርነው እኛው ነን።

ቀንሰው መጻፍዎም ሁልጊዜ ሆን ተብሎ የሚደረግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት፣ «ትንሽ እየበላን ክብደታችን አልቀነሰም» ያሉ 10 ሰዎች በቀን 1,000 ካሎሪ ገደማ እንደሚበሉ መዝግበው ነበር፤ የሰውነታቸው የኃይል ፍጆታ በትክክለኛ ዘዴ ሲለካ ግን የሚበሉት 2,000 ያህል ሆኖ ተገኘ። የሰው ትዝታ ምሳና እራትን ይይዛል፤ ወጥ ሲሠራ የተቀመሰውን፣ ከልጅ ሳህን የተነሣውን፣ በቡናው መካከል የተዘገነውን ቆሎ ግን ይጥላል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመና 1,700 ያህል ሰዎችን ለስድስት ወራት የተከታተለ ጥናት፣ በየቀኑ የመዘገቡት ሰዎች ምንም ካልመዘገቡት በእጥፍ ያህል ክብደት መቀነሳቸውን አሳይቷል። እርግጥ በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ከመጀመሪያውም ቆራጥ ሊሆን ስለሚችል ውጤቱን ሁሉ ለደብተሩ ብቻ አልሰጠውም።

በእኛ አገር ደግሞ ምዝገባውን የሚያከብደው የአበላላችን ሥርዓት ነው። አምስት ሰው ከአንድ መሶብ ሲበላ የእኔ ድርሻ ይህን ያህል ነው ብሎ መናገር አይቻልም፤ ጉርሻው ይመጣል፣ «በሞቴ» እና «አፈር ስሆን» ይከተላሉ፣ በእኔ ፊት ያለው አለቀ ሲባል አስተናጋጇ ሳትጠየቅ ትጨምራለች። ስለዚህ ግራምና ካሎሪ ለመጻፍ አይድከሙ። እንጀራው በፊትዎ ስንት ጊዜ እንደተጨመረ፣ ከዶሮ ወጡ ስንት ብልትና ስንት እንቁላል እንደበሉ፣ ጉርሻው ጥቂት ወይም ብዙ እንደነበረ፣ ዳቦው ስንት ቁራጭ፣ መጠጡ ምን ዓይነትና ስንት ብርጭቆ እንደነበረ ከጻፉ ለእኔ ይበቃኛል። ለቤትዎ ወጥ ደግሞ ዘይቱን በማንኪያ ከመቁጠር ይልቅ ጀሪካኑ በስንት ቀን እንዳለቀ መመዝገብ ይቀላል፤ ሦስት ሊትር ዘይት ለአምስት ሰው በ15 ቀን ካለቀ፣ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሚሊሊትር ማለትም 330 ካሎሪ ገደማ ከዘይቱ ብቻ ይደርሰዋል። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል አለመሆኑንም ከዚህ ይረዱታል።

አብዝተው በበሉበት ቀን የሚጽፉት ከሌላው ቀን ያነሰ ቢሆንም ግድ የለም፤ «እሑድ፣ የእኅቴ ልጅ ሰርግ፣ ከ7 እስከ 11 ሰዓት፣ እንጀራ ሁለት ጊዜ ተጨምሯል፣ ክትፎ፣ ድፎ ዳቦ 3 ቁራጭ፣ ለስላሳ 2 ጠርሙስ፣ ቁርስ ሳልበላ ነው የሄድኩት» የሚል መስመር ሙሉ መዝገብ ነው። «አሳፋሪ ቀን» ብለው ቢጽፉ ግን ለሐኪምዎ ምንም አልነገሯትም። በስልክዎ ትሪውን ፎቶ አንሥተው ማታ መጻፍም ይቻላል፤ በማግሥቱ ከትዝታ የጻፉት ከሆነ ግን «ከትዝታ» ብለው ምልክት ያድርጉበት። ከሁሉ በላይ መብላት ከጀመሩ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ስኳርዎን ለክተው ቁጥሩን ከጎኑ ያስፍሩ፤ ለብዙ የስኳር ሕሙማን በዚያ ሰዓት የሚፈለገው ከ180 በታች ነው። ያን ጊዜ ሳይታሰብ የሚገለጥ ነገር አለ፤ ሰው የሚያፍረው ብዙ ጊዜ በሥጋው ሲሆን፣ ስኳሩን የሚሰቅለው ግን በአብዛኛው አብሮት የቀረበው ድፎ ዳቦ፣ እንጀራና ለስላሳ መጠጥ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል። ጠጅና ጠላም ከተጠጣ መጻፍ አለበት፤ አልኮል ጉበት ስኳር እንዳያወጣ ስለሚያግድ፣ ግሊቤንክላማይድ ለሚወስድ ሰው አደጋው ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ሊመጣ ይችላል።

በማግሥቱ ለማካካስ ብሎ ቁርስና ምሳ መተው፣ ወይም ክኒኑን ደርቦ መዋጥ፣ እርስዎ ሊያደርጉት የማይገባ ነገር ነው። ሚዛን ላይ ወጥተው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ጨምረው ቢያገኙም አይደንግጡ፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ በአንድ ድግስ ሁለት ኪሎ መወፈር አይሆንም፤ አብዛኛው ከጨውና ከእንጀራው ጋር በሰውነት የተያዘ ውሃ ነውና በጥቂት ቀናት ይወርዳል።

ሌሊቱን በተመለከተ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለክተው ስኳርዎ ያልወረደ ሆኖ ካገኙት፣ ነገር ግን በጥቂት ጊዜ ውስጥ እጅግ ብዙ የሚበሉና ልቁም ቢሉ መቆም የማይችሉ ከሆነ፣ ይህም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ወራት የዘለቀ ከሆነ፣ ሕመም ሊሆን ይችላል። ተደብቆ መብላት፣ ሳይራቡ መብላት፣ በኋላም ራስን መጸየፍ የዚሁ ምልክቶች ናቸው። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ይህ ችግር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ራሱን እንደቻለ ሕመም ተመዝግቧል። ሕክምናው በዋናነት በንግግር የሚሰጥ ነው፤ በዚያም ሕክምና ውስጥ ሰዓቱን፣ የተበላውን፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ስሜትና ሁኔታ ወዲያው መጻፍ አንዱ መሣሪያ ነው። ከዚህ ቀደም ምግብ በልቶ ለማስታወክ የሞከረ ወይም ራሱን በረኃብ የቀጣ ሰው ግን ደብተሩ ጭንቀቱን ሊያባብስበት ስለሚችል፣ መጻፍ ያለበት ከሥነ አእምሮ ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ብቻ ነው። ይህ እርስዎን የሚነካ ከሆነ ምዝገባውን ለጊዜው ያቁሙና ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ወደ ባዶዎቹ ገጾች ልመለስ። በየባዶው ገጽ ላይ የዕለቱን ቀንና «አልጻፍኩም» የሚል ቃል ብቻ ያስፍሩ፤ ዝግጅቱ ምን እንደነበረ፣ ማለትም ማኅበር ወይም ልቅሶ መሆኑን ካስታወሱ እርሱን ይጨምሩ። ቀንሰው የጻፉባቸውን ደግሞ አይሰርዙ፤ «ቀንሻለሁ» ብለው በጎኑ ይጻፉበት። ሐኪምዎ ደብተሩን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው የሌሊቱ ገጽ እንዲሆን ለይተው ያጥፉት፤ ስለ ክኒኑ የምትወስነው ከእርሱ ተነሥታ ነው።